ያልጠራ ወሰንን ከአሮጌ ካርታ ወደ ኮምፒውተር ማስገባት፦ በጣና ዙሪያ የትኛው መንገድ ለየትኛው ሥራ ይሆናል?

ባሕር ዳር ውስጥ ካርታ የሚሠራ ሰው ይህ ጥያቄ ሳይመጣበት አይቀርም። ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን ይዞ ይመጣና «በሱስንዮስ ዘመን ደምቢያ እስከ የት ድረስ ነበር? ፖሊጎኑን ልሥራው» ይላል፤ ፖሊጎን ማለት ዙሪያው በመስመር የተዘጋ ቅርጽ ነው፣ ደምቢያም ከጣና በስተ ሰሜን ያለ አገር ነው። የገዳማቸውን ታሪክ የሚጽፉ አባት የድሮውን ጉልት በካርታ ማየት ይፈልጋሉ። አስጎብኚው ደግሞ ለእንግዶቹ የሚያሳየው፣ የድሮ አገሮችን ስም የያዘ ካርታ ያምረዋል። ስካን የተደረገ አሮጌ ካርታ ዛሬ በቀላሉ ይገኛል። ኪውጂአይኤስ የሚባለው የካርታ መሥሪያ ፕሮግራምም በነፃ ይወርዳል፤ አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። የሚያስቸግረው ወሰኑ ራሱ ነው።

ኮምፒውተሩ የሚጠይቀን አንድ የጠራ መስመር ነው። አሮጌው ካርታ የሚሰጠን ግን ብዙ ጊዜ ተዘርግቶ የተጻፈ ስም፣ የተቆራረጠ ነጠብጣብ ወይም የፈዘዘ ቀለም ነው። አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር፦ ካርታው የማያውቀውን ነገር እኛ እንደምናውቅ አድርገን መሣል የለብንም። ወሰን በአገራችን ቀላል ጉዳይ አይደለም። አንዴ የተሣለ መስመር ስክሪን ሾት ይነሣና በቴሌግራም ይዞራል። ማን ሣለው፣ ከየትኛው ካርታ ወሰደው፣ ምን ያህል እርግጠኛ ነበር ብሎ የሚጠይቅ አይገኝም። ስለዚህ ጥርጣሬውን እዚያው ሥዕሉ ውስጥ የሚያስቀምጥ መንገድ መምረጥ አለብን።

ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

መጀመሪያ፣ ወሰኑ ለምን እንዳልጠራ እወቁ

ብዥታ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ምክንያቱን ሳናውቅ መንገድ ከመረጥን ሥራው ከመነሻው ይበላሻል።

አንዳንዴ ካርታ ሠሪው አያውቅም ነበር። የጀርመናዊውን ምሁር የኢዮብ ሉዶልፍን የ1683 ካርታ ውሰዱ። ሉዶልፍ ኢትዮጵያን ረግጦ አያውቅም። ካርታውን ያወጣው ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ ሚስዮናውያን ከተዉት ካርታና ጽሑፍ፣ እንዲሁም ከኢትዮጵያዊው ካህን ከአባ ጎርጎርዮስ ከሰማው ነው። በጣና በኩል ኢየሱሳውያኑ በብዛት የኖሩት በጎርጎራ፣ በደንቀዝና በአካባቢው ነበር። ስለዚህ የጣና ሰሜን ዳርቻ የተሻለ መረጃ ነበረው። እነሱ ካልኖሩበት አካባቢ ስም ከጠፋ፣ አገሩ ባዶ ነበር ማለት አይደለም።

አንዳንዴ መስመሩ የቀለም ቀቢው ነው። በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ዘመን አውሮፓ ውስጥ የታተሙ ካርታዎች በጥቁር ቀለም ታትመው፣ የወሰን ቀለማቸው በኋላ በእጅ ይቀባ ነበር። የአንዱ ካርታ ሁለት ቅጂዎች የተለያየ ወሰን ሊያሳዩ የሚችሉት ለዚህ ነው። ከመጀመሪያው ሕትመት የመጣውን ነጠብጣብ ከቀለሙ ለዩት። ቀለሙን ብቻ ተከትላችሁ ከሣላችሁ፣ የሣላችሁት ምናልባት የአንድ አውሮፓዊ ቀለም ቀቢ ውሳኔ ነው።

ስሙ ራሱ ቦታ የለወጠበት ጊዜም አለ። ዳሞት ጥሩ ምሳሌ ነው። የመካከለኛው ዘመን ዳሞት ከዓባይ በስተ ደቡብ ነበር። በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዘመን የሕዝብ እንቅስቃሴ በኋላ ስሙ ከዓባይ ወዲህ፣ ጎጃም ውስጥ ይገኛል። «ዳሞት» የሚል አንድ ፖሊጎን ያለ ዓመት ከሠራችሁ ሁለት የተለያዩ አገሮችን አንድ አድርጋችኋል። የጣናም ነገር እንደዚሁ ነው፤ ኢየሱሳውያኑ ሐይቁን የደምቢያ ሐይቅ ብለው ይጠሩት ነበር። በካርታቸው ውሃው ላይ «ደምቢያ» የሚል ስታዩ የሐይቁን ስም ነው ያገኛችሁት። ያን ጽሑፍ ተከትሎ የአገሩን ወሰን ውሃው ላይ መዘርጋት አይቻልም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ወሰኑ በራሱ ሰፊ የነበረበት ነው። በድሮው ሥርዓት የአንድ መሬት ርስት በአንዱ እጅ፣ ጉልቱ በሌላው እጅ ሊሆን ይችላል። ጉልት የግብር መብት ነው። ገዳሙ ጉልት የሆነለት መንደር በአገረ ገዢው ግዛት ውስጥም ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ በካርታ ላይ ይደራረባሉ። የመሬት አስተዳደርና ካዳስተር (የይዞታ ልኬትና ምዝገባ) የተማሩ ልጆች እዚህ ላይ ይቸገራሉ፣ ምክንያቱም ትምህርታቸው መደራረብና ክፍተት ስህተት መሆኑን ነው ያስተማራቸው። ለዛሬ ይዞታ ልክ ናቸው። ለ17ኛው መቶ ዘመን ጉልት ግን ፕሮግራሙ ውስጥ ያለውን «አይደራረብ» የሚለውን የቶፖሎጂ (የቅርጾች አቀማመጥ) ደንብ ማጥፋት አለባችሁ። አለበለዚያ ፕሮግራሙ ታሪኩን «ያርምላችኋል»።

አማራጭ አንድ፦ አንድ የጠራ መስመር

ይህን ሁሉም ሰው ያውቀዋል። ስካኑን ከፍቶ፣ በማውስ ጠቅ ጠቅ እያደረጉ ዞሮ መዝጋት። ፈጣን ነው፣ ስፋት ያሰላል፣ ለማተም ያምራል። ችግሩም እዚሁ ላይ ነው። የተዘጋ ፖሊጎን በየትኛውም ጎኑ እኩል እርግጠኛ መስሎ ይታያል።

ቢሆንም ተገቢ የሚሆንበት ቦታ አለ። ዓባይ ከጣና ወጥቶ ባሕር ዳርን አልፎ ወደ ጢስ ዓባይ ሲወርድ፣ ጎጃምንና በጌምድርን ለይቷል። ይህን ካርታዎቹም፣ ተጓዦቹም፣ የአገሩም ሰው ይስማማበታል። ወንዙ ደግሞ ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በታች በጠባብ ሸለቆ ነው የሚሄደው፤ እንደ ልቡ አይዋዥቅም። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ደፍራችሁ አንድ መስመር ሣሉ። መስመሩንም ከአሮጌው ካርታ ላይ አትገልብጡ። ካርታው «ወሰኑ ዓባይ ነው» እያላችሁ ከሆነ፣ የወንዙን መስመር ከተሻለ ዘመናዊ ካርታ ውሰዱ፤ ለማስረጃነት ግን አሮጌውን ካርታ ጥቀሱ።

መስመሩ ወደ ላይ ሄዶ ሐይቁ አፍ ላይ ሲደርስ ግን ምን ይሆናል? ከዚህ በኋላ ውሃ ነው። አሮጌ ካርታዎች ውሃው ላይ ወሰን እምብዛም አይሥሉም። ፖሊጎን የሚሠራ ሰው ግን መዝጋት ስላለበት ከዓባይ መውጫ ተነሥቶ ሐይቁን ሰንጥቆ ወደ ሰሜን ምዕራብ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ይጎትታል። በዚያች ቅጽበት ደቅ፣ ዳጋና ናርጋ ለአንዱ ወገን ተሰጡ ማለት ነው። ማንም ይህን አላለም። ፕሮግራሙ መዝጊያ ስለፈለገ ብቻ የመጣ ነው። ጣና ላይ ለመሥራት የምታስቡ ሁሉ ለዚህ ነገር ልዩ ጥንቃቄ አድርጉ፤ የደሴቶቹ ገዳማት ታሪክ በአንድ የማውስ ጠቅታ የሚወሰን አይደለም።

አማራጭ ሁለት፦ ቁርጥራጭ መስመሮች፣ እያንዳንዱ ከነማስረጃው

ለዚህ ችግር መልሱ ፖሊጎኑን ትቶ ወሰኑን በቁራጭ መሥራት ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ የራሱ ሠንጠረዥ ይኖረዋል፦ ምን ዓይነት ነው፣ ከየትኛው ካርታ ነው፣ የየትኛው ዓመት ነው፣ ምን ያህል እርግጠኛ ነን። እኔ ለዓይነቱ የምጠቀምባቸው ቃላት ጥቂት ናቸው፦ ወንዝ፣ ተረተር፣ የካርታ ነጠብጣብ፣ ቀለም፣ ግምት፣ መዝጊያ። «መዝጊያ» የምለው ያንን ውሃው ላይ የሚጎተተውን መስመር ነው። ካርታው ሲታተም ይደበቃል። ስፋት ማስላት ካስፈለገ ይገባል፤ ያኔም ስሙ መዝጊያ ነው።

ሥራው ከመጀመሪያው መንገድ ይረዝማል። ግን ጥቅሙ ብዙ ነው። ዓባይን ወፍራም፣ የውሃ ከፋዩን ተረተር ቀጭን፣ ግምቱን የተቆራረጠ አድርጎ ማሳየት ይቻላል። አንባቢው ያለ ማብራሪያ ይገባዋል። ነገ የተሻለ ማስረጃ ሲገኝም የሚለወጠው አንዱ ቁራጭ ብቻ ነው።

በ1942 ከተቋቋሙት ጠቅላይ ግዛቶች ወዲህ ላለው ዘመን፣ ማለትም ለበጌምድርና ለጎጃም ጠቅላይ ግዛቶች፣ ከዚህ የተሻለ መንገድ አላየሁም። በዚያ ዘመን ወሰን የሚባለው ነገር በመንግሥት ደረጃ ይታወቅ ነበር። የጎደለው ዝርዝሩ ነው፤ ቁርጥራጭ መስመር ደግሞ ለጎደለ ዝርዝር የተሠራ ነው።

አማራጭ ሦስት፦ አስኳልና ነጭ

በጂአይኤስ ሰዎች፣ ማለትም የቦታ መረጃን በኮምፒውተር በሚሠሩት ዘንድ የእንቁላል ሞዴል የሚባል አለ። ኮንና ጎትስ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ ያስተዋወቁት ነው። ሁለት ፖሊጎን ትሠራላችሁ። አስኳሉ «እዚህ ያለ ጥርጥር ደምቢያ ነው» የምትሉት ነው። ነጩ «ደምቢያ ቢሰፋ ከዚህ አያልፍም» የምትሉት ውጫዊ ጠርዝ ነው። እውነተኛው ወሰን በሁለቱ መሀል የሆነ ቦታ አለ።

ለደምቢያ ይህን አጥብቄ እመክራለሁ። ከጎርጎራ በላይ ያለው ሜዳ፣ የመገጭ ወንዝ ታችኛው ክፍል፣ በየካርታው ደምቢያ ነው። ይህ አስኳል ነው። ወደ ምሥራቅ ወደ ወገራና ወደ ፎገራ፣ ወደ ምዕራብ ወደ ጣቋሳ ስንሄድ ካርታዎቹ መለያየት ይጀምራሉ። ያ ደግሞ ነጩ ነው።

የነጩን ስፋት በዓይን ግምት አትወስኑት። መነሻ ሊሆን የሚችል ቀላል ሒሳብ አለ። በ1:1,000,000 ካርታ ላይ ግማሽ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው መስመር መሬት ላይ 500 ሜትር ይሸፍናል። በ1:400,000 ላይ 200 ሜትር፣ በ1:50,000 ላይ 25 ሜትር ነው። በዚህ ላይ ካርታውን ከቦታው ጋር ስታገናኙት የሚመጣው ስህተት ይጨመራል። ለምሳሌ መስመሩ 500 ሜትር፣ የማገናኛው ስህተት 1,200 ሜትር ቢሆን፣ እያንዳንዱን በራሱ አባዝታችሁ ሁለቱን ደምሩና ስኩዌር ሩት አውጡ፤ 1,300 ሜትር ይመጣል። ከዚህ የጠበበ ነጭ መሥራት አይቻልም። ካርታዎቹ እርስ በርስ ካልተስማሙ ደግሞ ነጩ ልዩነታቸውን ሁሉ እስኪውጥ ይሰፋል።

ሁለት ፖሊጎን ስለሆነ ስፋትም በሁለት ቁጥር ይወጣል፦ «ከዚህ አያንስም፣ ከዚህ አይበልጥም»። መምህራን አንድ ቁጥር ስጡን ሊሉ ይችላሉ። ሁለቱን ቁጥር ስጡ፤ እውነቱ እሱ ነው።

አማራጭ አራት፦ ደረጃ በደረጃ የሚፈዝ ራስተር

እዚህ ቦታው በትንንሽ ካሬዎች ይከፋፈልና እያንዳንዱ ካሬ ከ0 እስከ 1 የሆነ ቁጥር ይይዛል። 1 ሙሉ በሙሉ ውስጥ፣ 0 ሙሉ በሙሉ ውጭ ነው። ኪውጂአይኤስ ውስጥ ከአስኳሉ ያለውን ርቀት የሚያሰላ መሣሪያ አለ፤ ርቀቱን ከ0 እስከ 1 ወዳለ ቁጥር የሚቀይር ደግሞ ሌላ አለ። ስለዚህ አስኳሉና ነጩ ካላችሁ ራስተሩ ብዙ ጊዜ አይፈጅም።

በሥዕል ያምራል። ለሙዚየም ግድግዳ እሰየው ነው። ለጥናት ግን እጠነቀቃለሁ። 0.6 የሚለው ቁጥር ከየት መጣ ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ «ከርቀቱ» ነው፤ ከታሪክ ማስረጃ አልመጣም። ብዥታውን በአስርዮሽ ስንጽፈው ልክ የለካነው ያስመስላል። ብዙ ካርታዎችን ደራርባችሁ «ከእነዚህ ካርታዎች ስንቱ ይህን ቦታ ደምቢያ ይሉታል» የሚለውን ከቆጠራችሁ ግን ቁጥሩ ትርጉም ያገኛል። ያኔም አንዱ ካርታ ከሌላው የተገለበጠ መሆኑን አጣሩ። የ17ኛውና የ18ኛው መቶ ዘመን የአውሮፓ ካርታዎች እርስ በርስ በብዛት ይገለባበጡ ነበር። ከአንድ ምንጭ የተገለበጡ ብዙ ካርታዎች አንድ ምስክር ብቻ ናቸው።

አማራጭ አምስት፦ ወሰን አለመሣል፣ ስም ያላቸውን ቦታዎች መመዝገብ

ለእኔ ከሁሉም በፊት የሚመጣው ይህ ነው። ሌሎቹን ብትሠሩም ባትሠሩም ከዚህ ጀምሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የድሮ ሰዎች አገርን የሚገልጹት በዙሪያው መስመር በመሣል ሳይሆን፣ በውስጡ ያሉትን ስሞች በመዘርዘር ነበር። በጣና ዙሪያ ባሉ ገዳማት የወንጌል መጻሕፍት ኅዳግ ላይ የተጻፉ የጉልት መዝገቦች አሉ። የሚሰጡን የቦታ ስም ነው፦ ይህ መንደር፣ ያ ቤተ ክርስቲያን፣ ይህ ማሳ። አሮጌዎቹ ካርታዎችም ከወሰን ይልቅ በስም የበለጸጉ ናቸው። እንግዲህ ምንጩ ነጥብ እየሰጠን እኛ ለምን በግድ መስመር እናወጣለን?

አሠራሩ ቀላል ነው። እያንዳንዱን ስም አንድ ነጥብ አድርጉ። ሠንጠረዡ ውስጥ ስሙን በካርታው ላይ እንደተጻፈ፣ የዛሬ ስሙን፣ የየትኛው አገር ክፍል እንደተባለ፣ ዓመቱንና ምንጩን አስገቡ። አንድ ቦታ በ1683 ካርታ ላይ ከአንድ አገር፣ በሌላ ካርታ ላይ ከሌላ አገር ከተቆጠረ፣ በሠንጠረዡ ሁለት ረድፍ ይመዘገባል። ማንም ተሸናፊ የለም።

ቤተ ክርስቲያን ከሁሉ የተሻለ ነጥብ ነው። መንደር ይነሣል፣ ገበያ ይዛወራል፤ ቤተ ክርስቲያን ግን አብዛኛውን ጊዜ በስሙና በቦታው ይቆያል። ዘጌ ላይ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን፣ አዝዋ ማርያምንና በትረ ማርያምን ካስቀመጣችሁ የልሳነ ምድሩን ቅርጽ አግኝታችኋል። በደሴቶቹ ላይ ክብራን ገብርኤል፣ ዳጋ እስጢፋኖስ፣ ናርጋ ሥላሴ አሉላችሁ።

ስለ ገዳማት መዛግብት አንድ ነገር ልጨምር። ኤርንስት ሐመርሽሚት የተባለ ጀርመናዊ ምሁር በ1960ዎቹ መጨረሻ የጣና ገዳማትን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም አስነሥቶ፣ በኋላም ዝርዝራቸው ታትሟል። መነሻችሁ ይህ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ብራናውም አይጎዳም። ወደ ገዳሙ ስትሄዱ ግን ፈቃድ ጠይቁ፣ ለምን እንደፈለጋችሁት ለአባቶች በደንብ አስረዱ፣ የሠራችሁትንም መልሳችሁ አሳዩ። ማስረጃው የእነሱ ነው።

ድክመቱም አለ። ነጥብ ብቻ ያየ ተመልካች «ታዲያ ወሰኑ የት ነው?» ይላል። ፕሮግራሞቹ ከነጥብ ፖሊጎን በራሳቸው ያወጣሉ፤ ግን በጣና ላይ አትመኗቸው። ነጥቦቹን በውጭ የሚያቅፈው ዘዴ ጎርጎራንና ጣቋሳን ሲያቅፍ ሐይቁንም ያቅፋል። ቦታውን ለቅርቡ ነጥብ የሚያካፍለው ዘዴ ደግሞ ያንኑ የሸሸነውን ስለታም መስመር መልሶ ያመጣዋል። የነጥብ ጥግግትን በቀለም የሚያሳየው ዘዴ ይሻላል። እሱም ቢሆን ካርታ ሠሪው የኖረበትን አካባቢ ያጎላል፤ የጎርጎራን ነገር አስታውሱ።

ካርታውን ከቦታው ጋር የማገናኘት ምርጫ

ከላይ ያሉት ሁሉ የሚቆሙት ጂኦሪፈረንሱ ላይ፣ ማለትም ስካኑን ከእውነተኛው ምድር ጋር ማገጣጠሙ ላይ ነው። እዚህም አማራጭ አለ፤ ሰው የሚሳሳተውም በብዛት እዚህ ነው።

የመጀመሪያ ደረጃ ፖሊኖሚያል የሚባለው የማገናኛ ዘዴ ቢያንስ 3 የመቆጣጠሪያ ነጥብ፣ ማለትም በአሮጌው ካርታም በምድርም ላይ ቦታው የታወቀ ነጥብ ይፈልጋል። ካርታውን ያዞራል፣ ይጎትታል፣ አያጣምምም። ሁለተኛው ደረጃ 6፣ ሦስተኛው 10 ነጥብ ይፈልጋል። ቲን ፕሌት ስፕላይን የሚባለው ደግሞ ካርታውን እንደ ላስቲክ ስቦ እያንዳንዱን ነጥብ በቦታው ያስቀምጣል። ተማሪዎች ይወዱታል፣ ምክንያቱም ስህተቱ ዜሮ ይላል። ያ ዜሮ ምንም አይነግረንም። ዘዴው በተፈጥሮው ነጥቦቹ ላይ ሁልጊዜ ዜሮ ነው። በነጥቦቹ መሀል ያለው ግን የትም ሊሆን ይችላል። ጥቂት ነጥቦችን ሳታስገቡ አስቀሩና በመጨረሻ እነሱ የት እንደወደቁ ለኩ። እውነተኛው ስህተታችሁ ያ ነው። ነጩን የምታሰፉትም በእሱ ልክ ነው።

ለሉዶልፍ ዓይነት ካርታ ጨርሶ ባታገናኙት ይሻላል ባይ ነኝ። ስሞቹን ወደ ነጥብ መዝገብ አውጡ፤ ካርታውን ጎን ለጎን አሳዩ። በጥናትና በመሣሪያ ለተሠሩት ግን ማገናኘቱ ያዋጣል። ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ በ1838 እና በ1848 መሀል ከተራራ ወደ ተራራ አንግል እየለካ የሠራው፣ በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሜጀር ቺዝማን በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ መጀመሪያ ሐይቁን ዞሮ ያዘጋጀው፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን ከአውሮፕላን የተነሡት ፎቶዎች፣ እነዚህ ሁሉ ተገናኝተው ይጠቅማሉ።

የፈረንሳይ ካርታ ስትይዙ የኬንትሮስ መነሻውን እዩ። ከፓሪስ የሚቆጥር ከሆነ ከግሪኒች በ2 ዲግሪ ከ20 ደቂቃ ይለያል። በእኛ ኬክሮስ ይህ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሳታርሙት ብትገቡ ጣና ሱዳን ውስጥ ትገኛለች። የኢትዮጵያ 1:50,000 ካርታዎች ደግሞ በአዲንዳን ዳተም (የቦታ መለኪያ መነሻ) የተሠሩ ናቸው። በፕሮግራሙ ውስጥ የሚመረጥበት የኢፒኤስጂ ቁጥር 20137 ነው፤ የዛሬው ጂፒኤስ የሚጠቀምበት ዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን ደግሞ 32637 ነው። ሁለቱን ካምታታችሁ ከ200 ሜትር በላይ ትሳሳታላችሁ። ለ17ኛው መቶ ዘመን ካርታ ኢምንት ነው። ለወንዝ ዳር ወሰን ግን ወንዙን ማዶ ያሻግራችኋል።

አሁን ስለ መቆጣጠሪያ ነጥቦች። የጣናን ዳርቻ እንዳገኛችሁ አትመኑት። የፎገራና የደምቢያ ዳርቻ ዝርግ ነው። ውሃው ትንሽ ከፍ ዝቅ ሲል ዳርቻው ብዙ ይሄዳል፤ ደንገሉና ረግረጉም ይከተለዋል። የግልገል ዓባይ፣ የርብና የጉማራ አፍ በደለል ይገፋል። በዚያ ላይ በ1990ዎቹ አጋማሽ ባሕር ዳር አጠገብ የጨራጨራ ማስተካከያ ግድብ ተሠርቶ የሐይቁ ከፍታ በሰው ቁጥጥር ሥር ሆነ። ስለዚህ የዛሬ ሳተላይት ምስል ላይ ያለውን ዳርቻ ከ1800ዎቹ ካርታ ዳርቻ ጋር ማያያዝ ትክክል አይመጣም። ነጥባችሁን ድንጋያማ ቦታ ላይ አድርጉ፦ የዳጋ ኮረብታ፣ የደቅ ጠርዞች፣ የዘጌ አፍንጫ፣ የጎርጎራ ልሳነ ምድር። የወንዝ አፍ ላይ በፍጹም አታድርጉ። የሚቻል ከሆነ በቀጥታ ወደ ሳተላይት ከመሄድ፣ የአሜሪካ ጦር ካርታ አገልግሎት ያወጣውን የ1:250,000 ካርታ መሸጋገሪያ አድርጉ፤ ከግድቡ በፊት የተሠራ ነው።

እንግዲህ ለየትኛው ሥራ የትኛው?

ለመመረቂያ ጽሑፍና ለጥናት፣ በነጥብ መዝገብ ጀምሩና ከእሱ አስኳልና ነጭ አውጡ። ጊዜ ካጠረ ነጥቡ ብቻውን ይበቃል። ለሙዚየም፣ ለትምህርት ቤት ግድግዳና ለአስጎብኚ፣ የሚፈዝ ቀለም ይሁን፤ ወሰኑ ላይ ጥቁር መስመር አትጨምሩበት። ከ1942 ወዲህ ላለ አስተዳደር፣ ቁርጥራጭ መስመር። ለገዳም ጉልት፣ ነጥብ፤ የተደራረበ ቢሆንም ግድ የለም።

ለመሬት ክርክርስ? አንድም አይሆንም። ሰው ይህን ጠይቆኝ ያውቃል፤ መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው። መስመሩ ብቻውን 500 ሜትር የሚሸፍን ካርታ የሁለት ጎረቤቶችን ማሳ ሊለይ አይችልም፤ የሁለት ወረዳዎችንም በተመሳሳይ። ለይዞታ የሁለተኛ ደረጃ የመሬት ማረጋገጫ አለ፣ የአካባቢው ሰው ምስክርነት አለ። አሮጌ ካርታን በዚያ መሀል ማስገባት ሰውን ከሰው ማጋጨት ነው። ሥራችሁን ስታወጡ ሥዕሉ ላይ፣ ከርዕሱ ሥር፣ በትልቁ ጻፉት፦ «ይህ ካርታ የዛሬን ወሰን አያሳይም፤ ለወሰን ማስረጃነት አያገለግልም»። ገላጭ ጽሑፉ ውስጥ ከቀበራችሁት ስክሪን ሾቱ ላይ አይኖርም።

ፋይሉን የት ታስቀምጡታላችሁ?

ሼፕፋይል የሚባለውን የቆየ የፋይል ዓይነት ተዉት። የዓምድ ስም ከ10 ፊደል በላይ አይቀበልም። ኢንኮዲንጉ (ፊደሉ በኮምፒውተሩ የሚቀመጥበት መንገድ) በትክክል ካልተያዘ የአማርኛው ጽሑፍ ወደ ጥያቄ ምልክት ይለወጣል፤ ዓመት የፈጀ የስም መዝገብ እንዲህ ሆኖ ማየት ያሳዝናል። ጂኦፓኬጅ የሚባለው የፋይል ዓይነት አማርኛን ያለ ችግር ይይዛል፤ ነጥቡን፣ መስመሩንና ፖሊጎኑን በአንድ ፋይል ያስቀምጣል። ስም ስትጽፉ ከመጀመሪያው አንድ አጻጻፍ ምረጡና ጽኑበት፤ «ጣና» እና «ጻና»፣ «ዓባይ» እና «አባይ» ለኮምፒውተሩ የተለያዩ ስሞች ናቸው። ለዓመት ሁለት ዓምድ አድርጉ፣ መነሻና መድረሻ። የዘመን አቆጣጠሩን ደግሞ በሦስተኛ ዓምድ ጻፉ፤ ያለዚያ የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነቱ ሹልክ ብሎ ይገባል።

ለሌላ ሰው ስትሰጡ ሌየሩን፣ ማለትም የሣላችሁትን ንብርብር ብቻ አትስጡ። ስካኑን፣ ኪውጂአይኤስ የሚያስቀምጠውን የመቆጣጠሪያ ነጥቦች ፋይል፣ ያስቀራችኋቸውን የመፈተሻ ነጥቦችና ስህተታቸውን አብራችሁ ስጡ። ቀጥሎ የሚመጣው ተማሪ ወሰናችሁን ሊጠራጠር ይችላል፤ መጠራጠሪያውን በእጁ ስጡት።